የተከራየነው መስመሩን እንጂ የልጁን ወገብ አይደለም

በአዲስ አበባ ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው ሜዳ በሰዓት ተከራይተው ኳስ እንደሚጫወቱ አብዛኞቻችን እናውቃለን። አውስትራሊያ ልጆችና የልጅ ልጆች ያሏችሁ አንባብያን ደግሞ ሌላ ዓይነት ኪራይ ሳትሰሙ አትቀሩም፤ የክሪኬት መለማመጃ መስመር። እኔ ነገሩን በቅርብ ያየሁት ሜልበርን ሴት ልጄ ዘንድ አንድ ክረምት በቆየሁበት ጊዜ ነው። የእነሱም ክረምት እንደኛው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ልጆቹ ውጭ መጫወቱን ትተው ወደ አዳራሽ ይገባሉ።

ለማታውቁት ላስረዳ። በክሪኬት አንዱ ተንደርድሮ ክንዱን ሳያጥፍ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ በጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ ይመታል። በሁለቱ በኩል የተተከሉት እንጨቶች 20 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ኳሱ በቆዳ የተሸፈነ ጠንካራ ነገር ነው፤ የአዋቂ ወንዶቹ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል። የልጆቹ ቀለል ይላል።

መለማመጃው እንደ መጋዘን ያለ ሰፊ አዳራሽ ነው። ከጣሪያው በወረደ መረብ ረጃጅም መስመሮች ተከልለውበታል፤ ወለሉ ሰው ሠራሽ ሣር ቢለብስም ከሥሩ ደረቅ ነው። ኪራዩ በግማሽ ሰዓት ወይም በሰዓት ነው። ኳስ የሚወረውር ማሽንና አሠልጣኝ የፈለገ ለየብቻ ይከፍላል። ልብ በሉ፤ እኛ የሄድንበት አዳራሽ የሚያስከፍለው በመስመሩ እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም።

የልጅ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ፈጣን ወርዋሪ መሆን ይፈልጋል። እናቱ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ሠርታ ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፏን ሳትጨርስ ትወስደዋለች። መስመሩን ለብቻው ትከራይለት ነበር። ልጁ ትንሽ አረፍ ሲል፣ «አባዬ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!» ትለዋለች። እኔን ደግሞ፣ «እማዬ፣ በሰዓት እኮ ነው የከፈልኩት» ትለኛለች። እንዲህ ባለ ድካም የተገኘ ገንዘብ ሲባክን ማየት እንደሚያም ይገባኛል።

እኔ ግን ጥግ ተቀምጬ እቆጥር ነበር። በየ30 ሰከንዱ አንድ ኳስ ከተወረወረ በሰዓት 120 ኳስ ነው። በግጥሚያ አንድ ወርዋሪ ስድስት ኳስ ወርውሮ ለሌላ ይለቅቃል፤ እያረፈ፣ ቆሞ እየጠበቀ ነው የሚጫወተው። በኪራዩ ሰዓት ግን ማንም ተራ አይቀበለውም።

ወርዋሪው የፊት እግሩን ሲያሳርፍ የሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ የሆነ ጫና ወደ ላይ ይወጣል። በዚያው ቅጽበት ወገቡ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል። ሽቦ አንዴ ቢታጠፍ አይበጠስም፤ ሲመላለስበት ግን ይሰነጠቃል። የታችኛው ወገብ አጥንትም እንደዚያው ነው፤ በልጅነት ገና አልጠነከረም። ይህ ጉዳት በወጣት ፈጣን ወርዋሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። አውስትራሊያዊው ፓት ከሚንስ በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ቴስት በሚባለው የአምስት ቀን ግጥሚያ ተሰለፈ። ሁለተኛውን ቴስት የተጫወተው በ2017 ነው፤ በመካከሉ የወገብ አጥንት ስንጥቅ ደጋግሞ ከሜዳ አርቆታል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልጁ የጫማውን ክር ሲያስር ግራ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። የሚወረውረው በቀኙ ነው። በቀኙ የሚወረውር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያመው በግራው በኩል ስለሆነ ቤት ስንገባ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ እንዲለጠጥ ጠየቅሁት። «እማማ፣ እዚህ ጋ ይወጋኛል» አለኝ። ለእናቱ፣ «ልጄ፣ ይህ የጡንቻ ድካም አይመስለኝም፤ ሐኪም ይየው» አልኳት። ጅማሬው በራጅ ላይታይ ስለሚችል ሐኪሙ ኤምአርአይ አዘዘ። አጥንቱ ገና አልተሰነጠቀም፤ ጫናው ግን ምልክቱን አሳይቷል። ለተወሰኑ ወራት እንዳይወረውር ተከለከለ፤ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ጡንቻውን እያጠናከረ ቀስ በቀስ እንዲመለስ ተነገረው። ልጁ አለቀሰ። እናቱም ደነገጠች፤ ግን በጊዜ ተደርሶበታል።

ስለዚህ ወላጆች፣ መስመር ስትከራዩ ለአራት ልጆች አድርጉት። ወጪው ለአራት ይካፈላል፤ 120ውም ኳስ ለእያንዳንዱ 30 ይደርሰዋል። ሌላው ሲወረውር ልጃችሁ ይምታ፣ ይረፍ፣ ውኃ ይጠጣ። የክሪኬት ማኅበራት ለፈጣን ወርዋሪ ልጆች በዕድሜያቸው ልክ ገደብ አውጥተዋል፤ አሠልጣኙን ጠይቁና የአዳራሹንም፣ የትምህርት ቤቱንም፣ የክለቡንም ኳስ አንድ ላይ ደምሩ።

የሚመታው ልጅ፣ ኳሱን የሚወረውረው ማሽን ቢሆንም፣ ሄልሜት፣ ጓንትና የእግር መከላከያ ያድርግ፤ ወንድ ልጅ የብልት መከላከያም አይርሳ። ማሽኑ ሳይቆም ኳስ ለመልቀም ማንም ወደ መስመሩ አይግባ።

ሲወረውር የሚብስ፣ ሲያርፍ የሚተው፣ ግን እየተመላለሰ የሚመጣ የወገብ ሕመም ካለ ውርወራው ቆሞ ሐኪም ይታይ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የእግር መደንዘዝ ከታየ ቀጠሮ አትጠብቁ። የማስታገሻ ክኒን ሰጥቶ ወደ ልምምድ መላክ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አጥንቱን አይጠግንም።

ይህ ለክሪኬት ብቻ አይደለም። እዚህም በሰዓት በተከራየነው ሜዳ ዳር ቆመን ልጆቻችንን «ሩጥ፣ ሰዓቱ አለቀ!» ስንል፣ ሲያነክሱ ወይም ወገባቸውን ሲይዙ አይተን ዝም አንበል። ልጅ ከቡድኑ እንዳይቀር ሕመሙን ይደብቃል፤ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። ጤና ይስጥልን፤ ልጆቻችንን ያሳድግልን።