ነጭ ልብስ በክረምት መልበስ ያሳምማል?



መስከረም ሲጠባ ከሆሳዕናም ከዱራሜም የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ እናቴ ነጭ በክረምት አይለበስም፣ ብርድ ያስገባል፣ የሚወጣው ለመስቀል ነው ትላለች። እውነት ነው እንዴ?»

አጭሩ መልስ፦ የልብስ ቀለም በሽታ አያመጣም። ጉንፋን የሚያስይዘን ቫይረስ ነው። ከብርድ የሚከላከለን ደግሞ የልብሱ ውፍረትና ድርቀት እንጂ ቀለሙ አይደለም።

ግን እናቶች ዝም ብለው አላሉትም። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ነው፣ ፀሐይ የለም፣ የታጠበ ነጠላ ቶሎ አይደርቅም። በደንብ ያልደረቀ ልብስ ለቆዳ ፈንገስ ይመቻል፤ የሻገተ ልብስ ደግሞ አስም ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል። ስለዚህ በክረምትም ነጭ ካማራችሁ ልበሱ፤ ብቻ ደረቅ ይሁን፣ ከውስጥም የሚያሞቅ ነገር ደርቡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ክረምቱን ሳጥን ውስጥ የከረመው ነጠላና ጋቢ ለያሆዴ፣ ለመሳላ፣ ለመስቀል ሲወጣ አንድ ሽታ ይዞ ይወጣል። ብል እንዳይበላው የምናስቀምጠው ነጭ ድቡልቡል፣ ናፍታሊን!

ለአዋቂ ብዙ ጊዜ ራስ ምታት ቢሆን ነው። ለጨቅላ ሕፃን ግን አደገኛ ነው። ሽታው በትንፋሽና በቆዳ ይገባል። በተለይ ጂ ሲክስ ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ልጆች ቀይ የደም ሴላቸው ይፈርሳል፤ ሕፃኑ ቢጫ ይሆናል። ቢጫነቱ ከበዛ አንጎልን ይጎዳል። ልጁ ይህ ችግር እንዳለበት ደግሞ አብዛኞቻችን ቀድመን አናውቅም።

ምን እናድርግ?

1. የሕፃን ልብስና መጠቅለያ ጋቢ ናፍታሊን ካለበት ሳጥን ጋር በፍጹም አታስቀምጡ። ማጠብ ብቻውን ሁልጊዜ አያስለቅቀውም።

2. የራሳችሁን ልብስ ከበዓሉ ቀናት በፊት አውጥታችሁ እጠቡ፣ ፀሐይና ንፋስ ላይ አስጡ። የሚሸት ነጠላ ለብሳችሁ ሕፃን አትቀፉ።

3. ናፍታሊን ከረሜላ ይመስላል። ልጅ ከዋጠ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ወተትም አትስጡ፤ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዱ።

4. ነጩን ለማንጻት በረኪና ስትጠቀሙ ከሽንት ቤት ማጽጃም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

5. ደመራ ስር፣ ምድጃ አጠገብ የነጠላችሁን ጫፍ ሰብስቡ። ስስ ጥጥ እሳት ሲነካው ቶሎ ይያያዛል።

የሕፃኑ ዓይን ወይም ቆዳ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ከገረጣ ወይም ጡት አልጠባ ካለ «ፀሐይ ላሙቀው» ብላችሁ አትቆዩ። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ናፍታሊን ቤት ውስጥ እንዳለም ንገሩት።

የእናታችሁን ደንብ ማክበር ከፈለጋችሁ አክብሩ፣ ጉዳት የለውም። ሳጥኑን ግን ዛሬውኑ ክፈቱት። ቤቷ አራስ ላለባት ሼር አድርጉላት።

መልካም በዓል!