የገቢና የወጪን ሒሳብ በሥዕልና በሰሌዳ ስለ መግለጽ

የእርሻን ነገር የሚመራ ሹም ዘወትር የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ምን ተገኘ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ የሚል ነው። ጥያቄው በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በጅሮንዱ በግምጃ ቤት፣ ጭቃ ሹሙም በመንደሩ ሲጠየቁበት የኖሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜም የእርሻና የገንዘብ ሚኒስቴሮች ከፊተኞቹ መሥሪያ ቤቶች መካከል ነበሩ። በዚህ ዘመን የተለወጠው ጥያቄው ሳይሆን የመልሱ አቀራረብ ነው። ቀድሞ በወፍራም መዝገብ ተጽፎ በቃል ይነገር የነበረው ሒሳብ አሁን በኮምፒዩተር ተመዝግቦ፣ ፓወር ቢ.አይ.፣ ታብሎና ኤክሴል በሚባሉት ፕሮግራሞች በሥዕል ተገልጦ፣ ዳሽቦርድ በሚባል በአንድ ገጽ ሰሌዳ ይቀርባል። ሰሌዳው ማማሩ ግን የሒሳቡን እውነተኛነት አያረጋግጥም፤ ስለዚህ የአሠራሩን ነገር ጸሐፊዎች ብቻ ሳይሆኑ ፊርማቸውን የሚያኖሩት ሹማምንትም ሊያውቁት ይገባል።

የጎጃም ታሪክ ለዚህ ነገር በቂ ምስክር ነው። በቀድሞው ዘመን ዐሥራት የሚቈረጠው ገማች በማሳው ላይ ቆሞ እህሉን በዓይኑ በመገመት ነበር። ገበሬው ግምቱ ከምን እንደ ተነሣ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1944 የመሬት ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ በብዙው ጠቅላይ ግዛት መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በጋሻ ሲገበርበት፣ ጎጃም ግን መሬቱ ሳይለካ በቀድሞው ልማድ እንዲገብር ተደረገ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲታወጅና ገማች ኮሚቴዎች ሲላኩ፣ ባላገሩ ነገሩ መሬት ለክቶ ርስት ለመንቀል ነው ብሎ ስላመነ በብዙ ወረዳ ተነሣ፤ ጦርም ተላከበት፤ ሰውም ሞተ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሥተው በስፍራቸው ሌላ ተሾመ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። የዐመፁ ምክንያት ብዙ ነው፤ የሹማምንት በደልም አለበት፤ ነገር ግን ቍጥሩ ከየት እንደ መጣ ለገበሬው የሚያስረዳው ሰው አለመኖሩ ለወሬ በር እንደ ከፈተ አይካድም። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ወዲህ ባለርስትና ጭሰኛ መባባል ቀርቷል፤ ቍጥሩ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ግን አልቀረም።

ሒሳብን በሁለት ወገን፣ ማለት በዴቢትና በክሬዲት፣ መመዝገብን በመጽሐፍ አሳትሞ ያስተማረ ሉካ ፓቾሊ የሚባል የኢጣልያ መነኵሴ ነው፤ ዘመኑም በፈረንጅ 1494 ነበረ። ቍጥርን በመስመርና በዘንግ ሥዕል መግለጽን ዊልያም ፕሌፌር የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1786 ባሳተመው መጽሐፉ አስፋፋው። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች የሚሠሩት የእነዚህን የሁለት ሰዎች ሥራ አጋጥመው ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የላቸውም።

ነገሩን ለማስረዳት በደብረ ማርቆስ ዙሪያ እንደሚገኙት ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ይታሰብ። ዩኒየኑ ማዳበሪያና ዘር ለአባል ማኅበራት ያከፋፍላል፤ ስንዴና በቈሎ ከገበሬ ገዝቶ ይሸጣል። ሒሳቡ በሦስት መግለጫ ይወጣል። የሀብትና የዕዳ መግለጫ በአንድ ቀን ያለውን ያሳያል፤ የትርፍና የኪሳራ መግለጫ በአንድ ዘመን ውስጥ የተገኘውንና የወጣውን ያሳያል፤ የጥሬ ገንዘብ መግለጫ ደግሞ ብሩ በእጅ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ይከተላል። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው፤ ስንዴውን ለዱቄት ፋብሪካ በዱቤ የሸጠ ዩኒየን በሁለተኛው መግለጫ ባለትርፍ ሆኖ ሲታይ በሦስተኛው ግን የደመወዝ መክፈያ ያጣ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

ለምሳሌ ያህል በሰኔ 30 ቀን በባንክ 2 ሚሊዮን ብር፣ በመጋዘን የ5 ሚሊዮን ብር ማዳበሪያ፣ ከማኅበራት የሚፈለግ 9 ሚሊዮን ብር ዱቤ አለው እንበል፤ ሀብቱ 16 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በሌላው ወገን የባንክ ዕዳው 12 ሚሊዮን፣ የአባላቱ ካፒታል 4 ሚሊዮን ቢሆን ሁለቱ ወገን እኩል ነው። በሰሌዳው ጥግ የሁለቱን ወገን ልዩነት የሚያሳይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ማኖር ይገባል። በሣጥኗ ውስጥ ከዜሮ በቀር ሌላ ቍጥር በታየ ቀን ስሕተቱ እስኪገኝ ድረስ የቀረውን ሥዕል ማየት አያስፈልግም።

የሰሌዳው መሠረት ሥዕሉ ሳይሆን ሰንጠረዡ ነው። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች እያንዳንዱን ግብይት፣ ማለት ቀኑን፣ የሒሳቡን መለያ ቍጥር፣ ስፍራውንና የብሩን ልክ፣ በአንድ ረጅም ሰንጠረዥ ያኖሩታል፤ የሒሳቦችን ዝርዝር፣ የቀን መቍጠሪያውንና የወረዳና የቀበሌ ስሞችን ደግሞ በየራሳቸው ሰንጠረዥ አድርገው በመለያ ቍጥር ከረጅሙ ጋራ ያያይዟቸዋል። በስም ማያያዝ ግን በአማርኛ ጽሑፍ ዘንድ ትልቅ ጥፋት ያመጣል። አንዱ ጸሐፊ ጎዛምን፣ ሁለተኛው ጐዛምን ብሎ ቢጽፍ ሰው አንድ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ወረዳ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ደብረ ማርቆስ ለይቶም ገጥሞም ይጻፋል፤ የሀሌታው ሀና የሐመሩ ሐ፣ የንጉሡ ሠና የእሳቱ ሰ እንደ ጸሐፊው ልማድ ይለዋወጣሉ። በዚህ ምክንያት ማዳበሪያ የወሰደ ቀበሌ አንድ ኵንታል እንኳ ያልወሰደ መስሎ በሰሌዳ ሊታይ ይችላል፤ ዕዳውም በሌለ ስም ተጽፎ ይቀራል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ስፍራ ቍጥር ሰጥቶ፣ ስሙን ከአንድ ዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ ማድረግ ነው።

መስፈሪያውም እንዲሁ አንድ መሆን አለበት። ዳውላ ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ጥማድ ደግሞ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለ ሆነ እንደ መሬቱና እንደ በሬው ይሰፋል ይጠባል። ገበሬው በጥማድ ቢናገር ነውር የለበትም፤ ወደ መዝገብ ሲገባ ግን ሄክታርና ኵንታል መሆን ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የዘመን አቈጣጠር ነው። ፕሮግራሞቹ የተሠሩት በፈረንጅ ዘመን አቈጣጠር ስለ ሆነ 13 ወር አያውቁም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን ገብቶ ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል፤ ጳጕሜ ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን በሦስተኛው ስፍራ ትገኛለች። ጳጕሜን ከነሐሴ ጋራ መደመር ወይም ለብቻዋ ማሳየት ይቻላል፤ ዘንድሮ እንዲህ አምና እንዲያ ማድረግ ግን አይቻልም፤ የሁለቱ ዓመት ነሐሴ ሊነጻጸር አይችልምና። መልካሙ መንገድ የእያንዳንዱን ቀን የኢትዮጵያ ቀን፣ ወር፣ ሩብ ዓመትና የበጀት ዓመት የያዘ የቀን መቍጠሪያ ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ማዘጋጀት ነው። ደግነቱ ሰኔ 30 ቀን በየዓመቱ ሳይዛነፍ በፈረንጅ ጁላይ 7 ላይ ይውላል፤ መስከረም 1 እንደሚለዋወጠው አይለዋወጥም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ያለውን ድምር እንዲያወጣ ሲታዘዝ የዓመቱን መጨረሻ ጁላይ 7 ብሎ መንገር ይበቃዋል።

ጀማሪዎች ዘወትር የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ አለ። ገቢና ወጪ ከወር ወደ ወር ይደመራሉ፤ የሐምሌና የነሐሴ ሽያጭ ተደምሮ የሁለት ወር ሽያጭ ይባላል። የዕዳ፣ የዕቃና የባንክ ቀሪ ግን አይደመርም። ከላይ የተባለው የ12 ሚሊዮን ብር የባንክ ዕዳ ሦስት ወር ቢቈይ ፕሮግራሙ ካልተከለከለ በቀር 36 ሚሊዮን አድርጎ ይደምረዋል። እንዲህ ያለውን ቍጥር ያየ አስተዳዳሪ ዩኒየኑ ከስሯል ብሎ ማዳበሪያውን ቢያስቀር ጥፋቱ የማን ይሆናል? ለቀሪ ሒሳብ የወሩን የመጨረሻ ቀን ብቻ እንዲወስድ ለፕሮግራሙ ማዘዝ ያስፈልጋል።

የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ከእርሻ ወራት ጋራ አለመስማማቱም መታሰብ ይገባዋል። በደጋው አገር ማዳበሪያ ከክረምቱ አስቀድሞ ይከማቻል፤ በሰኔና በሐምሌ ይዘራበታል፤ አዝመራው ከኅዳር ወዲህ ተሰብስቦ ገንዘብ የሚሆነው በበጋ ነው። ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ መግለጫ እንግዲህ ዩኒየኑን ዕዳው ከፍ ባለበት፣ ካዝናው ባዶ በሆነበት ሰዓት ይይዘዋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ የወቅቱ ጠባይ ነው። በሽታ መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው የዘንድሮን ሰኔ ካለፈው ግንቦት ጋራ ሳይሆን ከአምናው ሰኔ ጋራ በማነጻጸር ነው፤ ሰሌዳውም ሁለቱን ጎን ለጎን ማሳየት ይገባዋል።

ወደ ሥዕሉ ስንመጣ፣ ጥቂት ነገር መናገር ይበቃል። በጊዜ የሚሄድ ነገር በመስመር፣ ስፍራን ከስፍራ ማነጻጸር በዘንግ ይሣላል። ከሽያጭ ተነሥቶ ወጪዎቹን አንድ በአንድ እየቀነሰ ወደ ትርፉ የሚወርደው ፏፏቴ የሚባለው ሥዕል ለትርፍና ኪሳራ መግለጫ እጅግ ይስማማል። እንደ እንጀራ የሚቈረሰው ክብ ሥዕል ግን ከሦስትና ከአራት ቁራሽ ካለፈ ዓይን ስለማይለየው ባይጠቀሙበት ይሻላል። የዘንግ ሥዕል ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምር። አምና 40 ሚሊዮን፣ ዘንድሮ 44 ሚሊዮን ብር የተሸጠበት ሥዕል ከ39 ሚሊዮን ቢጀምር የዘንድሮው ዘንግ የአምናውን አምስት እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ እንዲህ ያለ ሥዕል ሳይዋሽ ያታልላል።

በዚሁ ምሳሌ ሌላ የተሰወረ ነገር አለ። የአምናው 40 ሚሊዮን ብር 10,000 ኵንታል በ4,000 ብር ተሽጦ የተገኘ፣ የዘንድሮው 44 ሚሊዮን ደግሞ 8,000 ኵንታል በ5,500 ብር ተሽጦ የተገኘ ቢሆን፣ ብሩ ከመቶ 10 እጅ ሲያድግ እህሉ ከመቶ 20 እጅ ጐድሏል። ብሩን ብቻ ያሳየ ሰሌዳ ለበላይ አካል የምሥራች ይሆናል፤ ኵንታሉን አብሮ ያሳየ ግን ገበሬው ለምን እንዳልሸጠ፣ ወይም ለምን እንዳላመረተ ያስጠይቃል። ሹም በብር አጠገብ ኵንታል እንዲጻፍ ማዘዝ ይችላል፤ ለዚህ የፕሮግራም ዕውቀት አያሻውም።

መንግሥትም በበኩሉ መንገዱን አበጅቷል። የወረዳ በጀትና ወጪ በኮምፒዩተር የሚመዘገብበት አይቤክስ የሚባል ሥርዐት በየክልሉ ተዘርግቷል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 847 የሒሳብ መግለጫዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲዘጋጁና ተቈጣጣሪ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ደግሞም በ1998 ዓ.ም. ከተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ጋራ ተያይዞ ወረዳዎች በጀታቸውን ለተራው ሰው በሚገባ ቀላል ቅጽ ጽፈው በአደባባይ እንዲለጥፉ ተደርጓል። የዚህ ልማድ ጥቅሙ ከኮምፒዩተሩ አይተናነስም።

ሰሌዳው ከተሠራ በኋላ ለማን እንደሚታይ መወሰን የአስተዳዳሪው ድርሻ ነው። ፕሮግራሞቹ እያንዳንዱ ሹም የገዛ ወረዳውን ብቻ እንዲያይ፣ የዞኑ ሰው ግን ሁሉን እንዲያይ አድርገው ሊከፍሉት ይችላሉ። የአንድ ገበሬ የግል ዕዳ በአደባባይ አይወጣም፤ የማኅበሩ ጠቅላላ ሒሳብ ግን ለአባላቱ አይደበቅም። በሰሌዳው ራስጌ ቍጥሩ የታደሰበት ቀን ይጻፍ፤ በግርጌው ደግሞ ያዘጋጀው ጸሐፊና ያረጋገጠው ሹም ስም ይኑር። መብራትና መረብ በማይደርስበት የጮቄ አቀበት ለሚገኙ ቀበሌዎች ሰሌዳው በወረቀት ታትሞ፣ ዘንጎቹ ያለ ቀለም እንኳ እንዲለዩ በጥቍርና በነጭ ተሥሎ፣ ሰው በሚበዛበት በገበያ ቀን ይለጠፍ። በለጠፉበትም ስፍራ ማንበብ ለማይችል ሰው የሚያነብና ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ አንድ ሠራተኛ ይቁም፤ የተጠየቀውንም ጽፎ ለሒሳብ ክፍሉ ያምጣ።