የላስቲክ ቤት ሙቀትና የአየሩ መውጫ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ሆለታ አካባቢ ሲደርስ፣ በሜዳው ላይ ተደርድረው የቆሙ ላስቲክ የለበሱ ረጃጅም ቤቶችን ያያል። የእርሻው ሠራተኞች ግሪንሃውስ ይሏቸዋል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የላስቲክ ቤት እንላቸዋለን። የጽጌረዳ እርሻ በአገራችን ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ እየሰፋ ሄዶ፣ ዛሬ ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ አገር በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ ሆናለች። ጽጌረዳውም የሚበቅለው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው። የቤቶቹ ጥቅም ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን አብዛኛው ሰው «አበባውን ለማሞቅ ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ለሆላንድ አገር እውነት ነው። በእኛ አገር ግን ቤቱ በመጀመሪያ የሚያገለግለው ዝናቡንና በረዶውን፣ ነፋሱንና ተባዩን ለመከልከል ነው። ሙቀቱ አብሮ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ በእኩለ ቀንም የማይፈለግ እንግዳ ይሆናል።

ነገሩ የአበባ እርሻዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ለትምህርት ቤት መጽሔት ባልተጻፈም ነበር። ነገር ግን በአሁኑ ጊዜ በገበሬውም ጓሮ፣ በትምህርት ቤትም የአትክልት ቦታ፣ የባሕር ዛፍ እንጨት አቁሞ ላስቲክ በማልበስ የቲማቲም፣ የጎመንና የቃሪያ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ይገኛል። ከእነዚህም ቤቶች አንዳንዶቹ በአራቱም ማዕዘን ተዘግተው ከበር በቀር ሌላ መተንፈሻ የላቸውም። እንዲህ ያለው ቤት በአንድ የጠራ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ፣ የብዙ ሳምንት ድካምንና የዘር ዋጋን አቃጥሎ ሊጨርስ ይችላል። ባለቤቱም ችግኙ ጠውልጎ ሲያገኘው «ውሃ አነሰው» ይልና ውሃ ይጨምርበታል፤ የጎደለው ግን የጣራ ቀዳዳ ነው።

ቤቱ ስለ ምን እንደሚሞቅ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የፀሐይ ብርሃን ላስቲኩን አልፎ ይገባና መሬቱን፣ ቅጠሉንና ምሰሶውን ያሞቃል። እነርሱም በተራቸው የነካቸውን አየር ያሞቃሉ። በሜዳ ላይ ቢሆን የሞቀው አየር ቀልሎ ወደ ላይ ይነሣና ቀዝቃዛው አየር ቦታውን ይይዛል። በላስቲክ ቤት ውስጥ ግን ጣራው ስለሚከለክለው፣ ያው አየር እዚያው ሲሽከረከር ሲሞቅ፣ ሲሞቅም ሲሽከረከር ይውላል። ድሮ ሊቃውንት የቤቱ ሙቀት ምክንያት መስተዋቱ የሙቀት ጨረርን አላስወጣ ማለቱ ብቻ ይመስላቸው ነበር። በ1909 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ ሁለት ሣጥኖች ሠራ። አንዱን በመስተዋት፣ ሁለተኛውን የሙቀት ጨረርን በሚያሳልፍ የማዕድን ጨው ገበታ ከደነና፣ ወደ ሣጥኖቹ የሚገባው ብርሃን እኩል እንዲሆን አድርጎ ፀሐይ ላይ አኖራቸው። የሁለቱ ሙቀት ልዩነት አንድ ዲግሪ እንኳ ለመሙላት የሚያስቸግር ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ቤቱን በዋነኛነት የሚያሞቀው የአየሩ መታሰር ነው። በአየር መታሰር የመጣ ሙቀት ደግሞ አየሩን በመፍታት ይሄዳል።

አየሩን የመፍታቱ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሣር ጎጆ ውስጥ እሳት ሲነድ ጢሱ በበሩ ለመውጣት አይጣደፍም፤ ወደ ጉልላቱ ይወጣና በሣሩ መካከል ሾልኮ ይሄዳል፤ በበሩ በኩል ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። በላስቲክ ቤትም ሕጉ ይኸው ነው። ከታች በጎንና በጎን የሚጠቀለል መጋረጃ፣ ከላይ በጣራው ጫፍ ርዝመቱን ሙሉ የተከፈተ መውጫ ያስፈልጋል። የጎን መጋረጃ ብቻ ያለው ቤት ነፋስ ሲነፍስ ይተነፍሳል፣ ነፋስ ሲቆም ግን ይታፈናል፤ ጠንካራው ሙቀት የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ነው። የጣራው መውጫ አፉን ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ካዞረ፣ ነፋሱ እያለፈ አየሩን ከውስጥ ይስበዋል። ወደ ነፋሱ ከዞረ ግን የሚወጣውን አየር መልሶ ያስገባዋል። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አስሮ ጥቂት ሳምንት መመልከት ነው። የቤቱም ቁመት አይናቅ፤ ጣራው ከፍ ባለ መጠን የሞቀው አየር ከችግኙ ይርቃል፣ የሚወጣበትም ጉልበት ይጨምራል። ላስቲክ ለመቆጠብ ሲባል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ቤት መሥራት የዳቦ መጋገሪያ መሥራት ነው።

አሁን ሒሳብ ለሚወዱ የክፍል ጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ቤቱ ስፋቱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ አማካይ ቁመቱ 2.5 ሜትር ይሁን። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር የሚያርፈው የፀሐይ ኀይል 1,000 ዋት ያህል ነው። ከዚህም ከመቶ 70 እጅ ላስቲኩን አልፎ ገባ ብንል፣ በ60 ካሬ ሜትር ላይ 42,000 ዋት ይሆናል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ይፈጃል ብንል፣ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዷል ማለት ነው። ቤቱ በለመለመ ተክል የተሞላ ከሆነ፣ ከዚህ ሙቀት ግማሽ ያህሉን ቅጠሎቹ ውሃ ለማትነን ይጠቀሙበታል። የቀረውን 21,000 ዋት አየሩ ተሸክሞ መውጣት አለበት።

በዚህ ላይ ነው የአገራችን ከፍታ የሚገባበት። በባሕር ዳርቻ አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት 1.2 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በእርሷ ዘንድ የዚያው አየር ክብደት 0.93 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ውስጡ ከውጪው ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ፣ በባሕር ዳርቻ በሴኮንድ 3.5 ሜትር ኩብ አየር መለወጥ ሲበቃ፣ በአምቦ 4.5 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። የቤቱ አየር በሙሉ 150 ሜትር ኩብ ነውና በየ33 ሴኮንዱ ተጠራርጎ ይወጣል ማለት ነው! አየሩ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር እየተጓዘ ቢገባ 9 ካሬ ሜትር መግቢያ፣ ያንኑም ያህል መውጫ ይፈልጋል። ከዚህ የተነሣ በቆላና በባሕር ዳርቻ የተሠራ ፕላን እንዳለ ተቀድቶ ወደ ደጋ ሲመጣ መተንፈሻው ይጠባል። መተንፈሻው ተባይ እንዳይገባበት በደቃቅ መረብ ከተሸፈነም፣ መረቡ አየሩን ስለሚያግተው የመክፈቻውን ስፋት መጨመር ግድ ነው።

ቅጠሉ ገና ያልሰፋ ችግኝ ባለበት ቤት ነገሩ ይብሳል። ውሃ የሚያተን ቅጠል ስለሌለ 42,000ው ዋት ሁሉ በአየሩና በአፈሩ ላይ ይወድቃል። በጅባት ደን ውስጥ ያለፈ ሰው የዛፉ ሥር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል፤ ጥላው ብቻ ሳይሆን የቅጠሉም ትነት ነው የሚያቀዘቅዘው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ከላይ በጠቀስነው ቤት ውስጥ የለመለመ ተክል በእኩለ ቀን በሰዓት 30 ሊትር ገደማ ያተናል። ለጨቅላ ችግኝ ግን ጥላ ማበጀት ይገባል። ጥላውም መረብ ቢሆን ከላስቲኩ በላይ በውጭ በኩል ይዘርጋ፤ በውስጥ ቢዘረጋ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነውና መረቡ ራሱ እየሞቀ አየሩን ያሞቀዋል። መረብ የሌለው ሰው ኖራ በውሃ በጥብጦ ላስቲኩን በስሱ መቀባት ይችላል። የሰኔና የሐምሌ ዝናብም ደመናው ብርሃኑን በሚቀንስበት ወራት ኖራውን ያጥብልናል፤ ከዚህ የተሻለ አገልጋይ አይገኝም።

የሙቀቱ ልክ እንደ ተክሉ ይለያያል። ቲማቲም ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ብናኙ ይበላሽና አበባው ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል። ድንች ደግሞ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግንዱን እያስረዘመ ድንቹን መቋጠር ይቀንሳል። በሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል ከበሽታ የጸዳ የድንች ዘር በተከለሉ ቤቶች ውስጥ ይባዛል። የዘር ድንች በማምረት የታወቁት የጀልዱ ገበሬዎች ደግሞ ከዚህ ሥራ ተጠቃሚዎች ናቸውና፣ ነገሩ ከምዕራብ ሸዋ ማእድ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ ሌሊቱ ደግሞ ጥቂት እንበል። ተራ ላስቲክ ከመስተዋት ይልቅ የሙቀት ጨረርን አሳላፊ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት፣ ነፋስም ከሌለ፣ የላስቲክ ቤት ውስጥ ከውጪው ያልተሻለ፣ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት የቀዘቀዘ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ችግሩ ብርዱ ብቻ አይደለም። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 23 ግራም የውሃ ተን ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ተኩል ገደማ ብቻ። ማታ ቤቱ ሲዘጋ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 18 ግራም ተን ይዞ ቢሆን፣ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ከቤቱ አየር ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ይለያል። ይህ ውሃ በጣራው ላይ ጠብታ ሆኖ በቅጠሉና በእንቡጡ ላይ ይንጠባጠባል። ጽጌረዳን የሚያበሰብሰው ግራጫ ሻጋታም የሚወደው ይህንኑ እርጥብ እንቡጥ ነው።

ስለዚህ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል የታወቀ መሆን አለበት። ጠዋት ፀሐይ እንደ ወጣች፣ ቤቱ ገና ብርድ ሳለ፣ የጣራው መውጫ በጥቂቱ ይከፈት። «ይሙቅ እንጂ!» ብሎ መዝጋት ስሕተት ነው፤ አየሩ ከእንቡጡ ቀድሞ ሲሞቅ እርጥበቱ በቀዝቃዛው እንቡጥ ላይ ይሰፍራልና። ሦስት ሰዓት ገደማ የጎኑ መጋረጃ በግማሽ፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ሁሉም በሙሉ ይከፈታል። ማታ ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ መሬቱ ያከማቸው ሙቀት ሳይጠፋ፣ ጎኑ ይዘጋል፤ ጣራው ግን እርጥበቱ እስኪወጣ ጥቂት ይቆያል። ውሃም ማጠጣት ጠዋት እንጂ ማታ አይሁን።

አየር መለወጥ ሌላም ጥቅም አለው። ተክል ምግቡን የሚሠራው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ የሚፈላው ጋዝ ማለት ነው። ይህ ጋዝ በ10,000 ሊትር አየር ውስጥ ከ4 ሊትር እምብዛም አይበልጥም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚበዛ ቅጠል በጥቂት ሰዓት ከግማሽ በላይ ሊጨርሰው ስለሚችል፣ ብርሃኑ ሞልቶ ሳለ ተክሉ ይራባል።

በውጭ አገር ከተሞች መሬት የሌላቸው ሰዎች በክፍላቸው ውስጥ የጨርቅ ድንኳን ተክለው፣ በውስጡ መብራት ሰቅለው ሰላጣና ቃሪያ ያሳድጋሉ። እዚያም መብራቱ ባለ 200 ዋት ቢሆን ሁለት መቶው ዋት መጨረሻው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ከላይ ጫፍ አጠገብ የሞቀውን አየር የሚስብ ማራገቢያ፣ ከታች ደግሞ መግቢያ ይደረግለታል። ጎጆው፣ የሆለታው ቤትና ይህ ድንኳን ሦስቱም የሚተዳደሩት በአንድ ሕግ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተክሉ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሰው ይሠራል። ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ እኅቶች ናቸው። እርጥበት በሞላበት ሙቅ አየር ላብ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ሰውነት አይበርድም፤ ራስ ማዞርና መውደቅ ይከተላል። ፀረ ተባይ መድኃኒት በተረጨበት ቤት ደግሞ አደጋው ይበረታል። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመቆያ ሰዓት ሳይሞላ፣ መተንፈሻዎቹም ተከፍተው ቤቱ ሳይናፈስ፣ ማንም ሰው ገብቶ እንዲለቅም መላክ አይገባም። የመቆያው ሰዓት በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ እንደ ሆነ ለሠራተኞቹ አንብቦ መንገር የአለቃው ሥራ ነው።

ሰዓቱን ብቻ አይቶ ከመክፈት ግን መለኪያ ማየት ይሻላል። ቴርሞሜትሩ በበሩ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው ምሰሶ ላይ አይሰቀል፤ በቤቱ መካከል፣ በተክሉ ቁመት ልክ፣ አየር በሚያሳልፍ ነጭ በተቀባ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይደረግ። ከጎኑ ሁለተኛ ቴርሞሜትር ሰቅሎ አምፖሉን በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና የጨርቁን ጫፍ በስኒ ውሃ ውስጥ መንከር የአየሩን እርጥበት ያሳያል። ሁለቱ የሚያሳዩት ልዩነት ወደ አንድ ዲግሪ የወረደ እንደ ሆነ አየሩ በእርጥበት ሊሞላ ተቃርቧልና፣ ሌሊትም ቢሆን ጣራውን ጥቂት መክፈት ነው።