ሁለት ጠብታ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው የግቢያችን የቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር አለ። የፖሊዮ ዘመቻ ሲመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ የክትባት ሣጥናቸውን አንግተው ይገባሉ፣ ሕፃናቱን ሁለት ሁለት ጠብታ ያቀምሳሉ፣ ጣታቸውን ቀለም ይቀባሉ፣ ሲወጡ በሩ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እማማ በዚያው በር ገብተው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ። በፖሊዮ የጭንቅላት ካንሰር ያድናሉ ትላለች። እውነት ነው?»

ልጃቸው ገና 26 ዓመቱ ነው። ለወራት ጠዋት ጠዋት ራሱን ሲያመው ቆይቶ አንድ ሌሊት የሚጥል ሕመም ጣለው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥቶ ሁለት ሰባት ተጠመቀ። በኋላ ኤምአርአይ ሲነሳ ዕጢ ተገኘ፤ አሁን የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ እየጠበቀ ነው። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ጥያቄያቸው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ ለእሳቸው ያልኩትን እዚህም ልጻፈው።

በከፊል እውነት ነው። ሥራው የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቫይረሱን የሠራው ማቲያስ ግሮማየር ይባላል። መነሻው ለልጆቻችን በጠብታ የሚሰጠው፣ አልበርት ሳቢን ያዳከመው ዓይነት 1 ፖሊዮ ነው። ፖሊዮ ሴል ውስጥ የሚገባው ሲዲ155 በተባለ በር ነው፤ ይህ በር ደግሞ በዕጢ ሴሎች ላይ በብዛት ይገኛል። ችግሩ ፖሊዮ ነርቭንም ማጥቃቱ ነው። ስለዚህ ከዘረመሉ አንዷን ቁራጭ አውጥተው በምትኳ የጉንፋን ቫይረስ ቁራጭ አስገቡ። እንዲህ የተዳቀለው ቫይረስ ጤነኛ ነርቭ ውስጥ መራባት ያቅተዋል፣ ዕጢው ውስጥ ግን ይራባል።

አሰጣጡን ስነግራቸው እማማ አማተቡ። የራስ ቅል ይበሳና ቀጭን ቱቦ እስከ ዕጢው መሐል ይገባል። ሦስት ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ፣ በስድስት ሰዓት ተኩል ቀስ እያለ ይንቆረቆራል። ቫይረሱ ካንሰሩን በልቶ ይጨርሳል ማለት አይደለም። ዕጢው ከሰውነት መከላከያ ተሸሽጎ የሚኖር ነገር ነው፤ ቫይረሱ ሲገባበት መከላከያው ይነቃና መደበቂያውን ያገኘዋል። ትልቁ ተስፋ እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ግሊዮብላስቶማ የተባለው ክፉው ዕጢ ተመልሶባቸው ከነበሩ 61 ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት 21 በመቶ ናቸው። ቀደም ሲል በሌላ ሕክምና ከታከሙ መሰል ሕሙማን ግን ሦስት ዓመት የደረሱት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የፖሊዮውን ቫይረስ ካገኙት ከአምስቱ አንዱ ተረፈ ማለት ነው። ስላልተረፉት አራቱም ነገርኳቸው። አንዱን ብቻ አውርቼ ብሸኛቸው ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ቶሞኪ ቶዶ የሠራውን፣ ከኸርፐስ ቫይረስ የተዘጋጀ መድኃኒት በቅድመ ሁኔታና ለተወሰነ ጊዜ ፈቅዳለች። ጥናቱ 19 ታማሚዎችን የያዘ ትንሽ ጥናት ነበር። በኡጋንዳ ጫካ ስም የተጠራው ዚካ ቫይረስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 በላቦራቶሪና በአይጦች ላይ የግሊዮብላስቶማን ግንደ ሴሎች ሲገድል ታይቷል፤ በሰው ላይ ግን ያ ገና መድኃኒት አይደለም።

ለእማማ ልጅ ይበልጥ ሊቀርብ የሚችለው ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። በወጣቶች ላይ ከሚታዩት ቀስ ብለው የሚያድጉ ዕጢዎች ብዙዎቹ አይዲኤች የሚባል ዘረመል የተበላሸባቸው ናቸው። ያንን ብልሽት ለይቶ የሚይዝ ቮራሲደኒብ የተባለ ክኒን በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ዋጋው ከባድ ነው፤ ይሁንና ዕጢው የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ካልታወቀ ስለ ዋጋውም ማውራት አይቻልም። ስለዚህ አደራ ያልኳቸው፣ በቀዶ ሕክምናው የሚወጣው ቁራጭ ለፓቶሎጂ መላኩን እንዲጠይቁ፣ ውጤቱንም በጽሑፍ ተቀብለው እንዲያስቀምጡ ነው። «የቫይረሱን መድኃኒት እናስመጣላችኋለን» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አንድ ብር እንዳይከፍሉም ለምኛቸዋለሁ። እናንተንም እለምናለሁ።

ቀዶ ሕክምናውን ግን አገራችን ውስጥ የሚሠሩ አሉ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1998 ዓ.ም. ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር በአገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ እዚሁ የሠለጠኑት እንደሚሠሩ ስሰማ ሁሌ ልቤ ይሞላል።

በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦ «ጠበሉን ከጀመረ ለሚጥለው ሕመም የሚወስደውን ክኒን መተው አለበት ይላሉ።» የለበትም። ክኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ይነሳል፤ ሰው እስከ መግደልም ይደርሳል። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸውን አስታወስኳቸው። እማማ ዝም ብለው ሰሙኝ።

ዛሬ ጠዋት ልጁን ለመጠየቅ ጎራ ብዬ ነበር። ከኪዳነ ምሕረት የመጣችው ትንሿ ቢጫ ጀሪካን አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። እማማ በብርጭቆ ቀዱለት፤ ክኒኑን በጠበሉ ዋጠው።