ከሰሉ ከድንኳኑ ውጭ ይደር

በሀገራችን ድንኳን ተተከለ ሲባል ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው። በጥምቀት ደግሞ ታቦታቱ ወንዝ ዳር በድንኳን ያድራሉ። ሰው ደህና ቤት እያለው፣ ልጆቹንና ድስቱን ጭኖ፣ በብርድ ወራት አሸዋ ላይ ድንኳን ተክሎ ለመዝናናት ይከርማል ቢሉን ግን ወደዚህ ሀገር ከመምጣታችን በፊት ማናችንም አናምንም ነበር።

እኔም ዶሃ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት ማዳም «ነሩሕ አል በር» ስትለኝ «በር» የሚለው ብቻ ተሰማኝና ሮጬ ሄጄ በሩን ከፈትኩላት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ለካስ ዐረቦቹ «በር» የሚሉት ከከተማ ውጭ ያለውን ምድረ በዳ ኖሯል! ከዚያች ቀን ጀምሮ አራት ክረምት ከቤተሰቡ ጋር ባሕር ዳር ከርሜአለሁ። ደስ ያለኝም ቀን ነበር፣ ልሞት የደረስኩበትም ሌሊት ነበር። ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚያ ሌሊት ነው።

ቦታው

ከዶሃ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ መሰዒድ የምትባል የኢንዱስትሪ ከተማ አለች። ከእርሷ አለፍ ብሎ ሲላይን የሚባለው የባሕር ዳርቻ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ ያልቅና የአሸዋ ተራራ ብቻ ይሆናል። ከአሸዋው ማዶ ባሕሩ ወደ በረሃው ገብቶ እንደ ሐይቅ የተኛበት ኾር አል ዑደይድ አለ፤ ኳታር በ2008 እ.ኤ.አ. ለዩኔስኮ የዓለም ቅርስ የእጩዎች ዝርዝር ያስመዘገበችው ቦታ ነው። ማዶው ሳዑዲ ዐረቢያ ነው።

የድንኳን ወቅት የሚከፈተው ሙቀቱ ሲበርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ኖቬምበር ገደማ ሲሆን እስከ ኤፕሪል ይዘልቃል። ቀኑን በየዓመቱ የሚያሳውቀው የአካባቢና የአየር ንብረት ለውጥ ሚኒስቴር ነው። ቤተሰቡ ለቦታው ፈቃድ ያወጣል፣ መያዣ ገንዘብም ያስይዛል። ስለዚህ ማዳም ቆሻሻ በደንብ ሰብስቢ፣ አሸዋ ውስጥ አትቅበሪ ብላ ብትቆጣ ምክንያት አላት።

ለማታውቁት ሰፈሩ እንዲህ ነው። ካራቫን ማለት በመኪና የሚጎተት ቤት ነው፤ አልጋ፣ ትንሽ ማእድ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ የውኃ ታንከርም አለው። እርሱ ለማዳምና ለልጆች ነው። ትልቁ ድንኳን የወንዶቹ መጅሊስ ነው። ከኋላ ማብሰያ የሚሆን ድንኳን ይተከላል። እኛ የምናድረው ብዙ ጊዜ እዚያው ከሩዙ ከረጢትና ከጄኔሬተሩ ድምፅ አጠገብ ነው።

ቀን ቀን ልብ ይከፈታል። በሀገሬ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው ወንዝና ኩሬ ነበር። መጀመሪያ ቀን ማዕበሉ እግሬን ሲነካኝ ጮኼ ሸሸሁ። ሌሊት ደግሞ ከዶሃ መብራት ርቀን ስንተኛ ኮከቡ እንደ ልጅነታችን፣ እህል ስንጠብቅ ማማ ላይ ሆነን እንዳየነው ነው። ግን ብርዱን ማንም አልነገረኝም። በረሃ ሁልጊዜ ሙቅ ይመስለናል። በጃንዋሪ ሌሊት ሙቀቱ እስከ 10 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ሲጨመርበት አጥንት ይሰብራል።

ያ ሌሊት

ሁለተኛው ክረምቴ ነበር። እንግዳ በዝቶ እስከ እኩለ ሌሊት ሥጋና ዓሣ ስንጠብስ አመሸን። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ጓደኛ ነበረችኝ። ያለን ብርድ ልብስ አንድ ነው። ሌላ እንዲሰጡን ጠይቄ ነበር፤ «ነገ» ተባልኩ። ጥብሱ ሲያልቅ በምድጃው ውስጥ ቆንጆ ፍም ቀረ። እናቴ ቤት የከሰል ምድጃ አጠገብ ነው ያደግሁት። ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል፣ ምን ይጎዳል ብዬ ወደ ድንኳናችን አስገባሁት። ነፋስ እንዳይገባ የድንኳኑን ጫፍ በአሸዋ ቀበርን፣ ዚፑን እስከ ታች ዘጋን። ሙቀቱ ደስ አለን፤ እየሳቅን ተኛን።

ስነቃ ራሴን በመዶሻ የሚመቱኝ ይመስል ነበር። ድካም ነው ብዬ መልሼ ልተኛ ነበር። ከዚያ አቅለሸለሸኝና ልነሳ ብል እግሬ አልታዘዝ አለ። ጓደኛዬን ጠራኋት፤ አልመለሰችም። ነቀነቅኋት፤ አልነቃችም። በጉልበቴ እየዳኽሁ ዚፑን እንዴት እንደከፈትኩት ዛሬም አላውቅም። ጭንቅላቴ ውጭ ሲወጣ ብርዱ ፊቴን መታኝ፤ ያ የጠላሁት ብርድ ነው ያተረፈኝ። ጮህኩ። ሹፌሩ ደርሶ ጓደኛዬን ጎትቶ አወጣትና ወደ ሕክምና ወሰዱን። ኦክስጅን አፍንጫችን ላይ አድርገው እስኪነጋ አቆዩን። እርሷ ዓይኗን የገለጠችው ከእኔ በጣም ዘግይታ ነው።

ሐኪሙ ከሰል ነበረ ወይ አለኝ። አዎ ስለው ራሱን ነቀነቀ። በየክረምቱ እንዲህ ያለ ሰው ያያሉ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለእኔ ነበር።

ፍሙ ለምን ይገድላል?

ብዙዎቻችን የሚጎዳው ጭሱ ይመስለናል። አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ኦክስጅንን ተሸክሞ በሰውነታችን የሚያዞርበት ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለው። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አንጎሉና ልቡ አየር ያጣሉ። አመድ ለብሶ በቀስታ የሚነድ ፍም፣ ጭስ ባይኖረውም ጋዙን ያወጣል። በተዘጋ ድንኳንና ካራቫን ደግሞ ጋዙ መውጫ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል።

ምልክቶቹን በቃላችሁ ያዙ፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ የእግር መዛል፣ የሐሳብ መምታታት። ከሁሉ ይልቅ አንድ ድንኳን ውስጥ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ምግቡ ነው ብላችሁ አትጠርጥሩ፤ ወዲያው ውጡ።

እንዲህ ከሆነ፦ በሩን ክፈቱ፣ የታመመውን ሰው ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ 999 ደውሉ። የኳታር የአደጋ ጊዜ ስልክ እርሱ ነው። በድንኳን ወቅት ሐመድ ሜዲካል ሲላይን ላይ ክሊኒክ ሲከፍት ቆይቷል፤ እንደ ደረሳችሁ የት እንዳለ ሹፌሩን ጠይቁ። በሀገራችን ልማድ ወተት ጠጪ፣ ሎሚ አሽትቺ ይባላል። ወተትም ሎሚም ጋዙን ከደም አያወጡም። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ውጭ ወጥታችሁ ቢሻላችሁም ታዩ፤ ጋዙ ከደም ለመውጣት ሰዓታት ይፈጅበታል።

መከላከሉ ግን ቀላል ነው። ምድጃም ሆነ የዕጣን ማጨሻ ከድንኳን ውጭ ይደር፤ ፍሙን ውኃ አፍስሳችሁበት ወይም በአሸዋ ቀብራችሁ አጥፉት፤ የቀበራችሁበትን ቦታ ልጆች በባዶ እግራቸው እንዳይረግጡት ምልክት አድርጉበት። ጄኔሬተሩም ያንኑ ጋዝ ያወጣል፤ ከመኝታችሁ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ጭሱን ከእናንተ ወደሚያርቅበት በኩል ይቀመጥ። የጋዝ ምድጃ ለማብሰል እንጂ ለመሞቂያ አይሁን። ለብርዱ ደግሞ ካልሲ፣ ሁለት ልብስ ደርቦ መልበስ፣ ከሥርም ካርቶን ወይም ምንጣፍ ማንጠፍ ይረዳል፤ ብርዱ የሚገባው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከአሸዋውም ነው። ክዳኑ በደንብ የሚዘጋ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር ብታደርጉት እስኪነጋ ይበቃችኋል።

ባሕሩና ልጆቹ

ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም፤ ልጆቹን በውኃ ዳር የምንጠብቀው ግን እኛው ነን። ይህን ለማዳም በግልጽ ንገሯት። «ዋና አላውቅም፣ ልጅ ቢሰጥም ላወጣው አልችልም» ማለት ነውር አይደለም። ዋና የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ልጆች ከጉልበት በላይ ወደሆነ ውኃ አይግቡ። ትንሽ ልጅ ሲሰጥም አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ልጅ እየጠበቃችሁ ስልክ አትነካኩ፣ ሽንኩርትም ክተፊ ብትባሉ «ወይ ልጁን ወይ ሽንኩርቱን» በሉ።

ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ገመድ አስራችሁ ዳር ላይ አስቀምጡ። ሰው ቢሰጥም ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ ጀሪካኑን ወርውሩለትና እየጮኻችሁ ሰው ጥሩ። በጥልቀት በሌለው ውኃ ስትሄዱ እግራችሁን እየጎተታችሁ ሂዱ፤ አሸዋ ውስጥ የሚተኛ፣ ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ አለ፤ ድምፁን ሰምቶ ይሸሻል። ቢወጋችሁ እግራችሁን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ነክራችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ባሕሩ በቀን ውስጥ ይሞላል፣ ይጎድላል። ዳርቻው ላይ በመስመር የተከማቸ የባሕር ሣር ካያችሁ ውኃው እስከዚያ እንደ ደረሰ ዕወቁ፤ ድንኳን፣ የሩዝ ከረጢት፣ የልጅ አልጋ ከዚያ መስመር በላይ ይሁን። በኾር አል ዑደይድ በኩል ውኃው ሲሞላ ቀን የታለፈበት መንገድ ማታ ባሕር ሆኖ ይቆያል። የድንኳን ካስማ አሸዋ ላይ አይዝም፤ ከረጢት አሸዋ ሞልታችሁ፣ ገመዱን አስራችሁበት በጥልቁ ቅበሩት። በሩን ደግሞ ሻማል ከሚሉት የሰሜን ነፋስ አዙሩት።

ዕረፍትም ሥራም ልክ አለው

ለእነርሱ መዝናኛ የሆነው ለእኛ ድርብ ሥራ ነው። ውኃ በጀሪካን፣ ዕቃ በአሸዋ ማጠብ፣ እንግዳ እስከ ሌሊት። ግን የኳታር ሕግ ድንኳን ውስጥም ይሠራል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 15 የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት የማይቋረጥ ዕረፍት ከነክፍያው እንዲሰጥ ይላል። ተስማሚ ማደሪያና ምግብ፣ ስትታመሚም ሕክምና የአሠሪው ግዴታ ነው። ብርድ ልብስ መጠየቅ ልመና አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት፣ ቤት ሳላችሁ ጠይቁ፤ በረሃ ከተገባ በኋላ «ነገ» ይመጣል። መታወቂያችሁንና የተሞላ ስልካችሁን ያዙ፤ የሰፈራችሁን ቦታ ለአንዲት ጓደኛ ላኩላት።

እኔ ከሕክምና ስመለስ ማዳም ምንም አላለችኝም። በማግሥቱ ግን ከዶሃ አራት ብርድ ልብስ አስመጣች፤ ማታ ማታም ራሷ ወጥታ ምድጃው ላይ ውኃ ሲፈስ ቆማ ታይ ጀመር። ይቅርታ የጠየቀችኝ በዚህ ይመስለኛል።

ጓደኛዬ ዛሬ ሀገሯ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። በየክረምቱ፣ የድንኳን ወቅት ሲከፈት፣ መልእክት ትልክልኛለች። «ከሰሉ የት ነው?» ትለኛለች። «ውጭ» እላታለሁ። «ዚፑስ?» «ትንሽ ክፍት»። ይኸው ነው ሰላምታችን። እናንተም እኅቶቼ፣ ዘንድሮ «አል በር» ስትባሉ፣ አጠገባችሁ የምትተኛውን ልጅ ይህንኑ ጠይቋት።