መተኮስ ሌላ፣ መምታት ሌላ

ከኤም ዋን ጠመንጃ እስከ ቸሃ አዳራሽ

የአርሴናል ደጋፊ ሁሉ «መድፈኞቹ» የሚለውን ስም በኩራት ይጠራዋል። ስሙ ከየት መጣ ሲባል ግን ዝም የሚለው ይበዛል። ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1886 የመሠረቱት ዉልዊች በነበረው የእንግሊዝ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በእኛም አገር ቢሆን አንድ ሰሞን «መከላከያ» ተብሎ ቆይቶ ወደ ቀድሞ ስሙ የተመለሰው መቻል የሠራዊቱ ልጅ ነው። ኳስና ጠመንጃ ቃላት ሳይቀር ይዋዋሳሉ። አጥቂው «ተኮሰ» እንላለን፤ ኳሷ «ዒላማዋን ሳተች» እንላለን።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ትክክለኛው ተኩስ ነው። አዲስ፣ ዒላማ የማይስት፣ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ የገባ ሰው ምን ይሰማዋል? ኢትዮጵያውያንስ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በጨበጡበት ጊዜ ያገኙት ችሎታ የት ደረሰ? ጥያቄው የወታደር ብቻ ይመስላል እንጂ መልሱ ስፖርት ሜዳ ላይ ነው።

ስምንት ጥይት፣ አንድ ትንፋሽ

በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከጂቡቲ በመርከብ ተነስቶ ኮሪያ ገባ። በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ተመደበ፤ የአሜሪካ መሣሪያም ታጠቀ። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ኤም ዋን ጋራንድ ነው። ጆን ጋራንድ የተባለው መሐንዲስ የፈለሰፈው ይህ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ጦር መደበኛ መሣሪያ ሆኗል።

ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? እስከዚያ ድረስ አገሬው የሚያውቀው ምንሽርና መሰሎቹን ነው። አንዴ ተኩሰህ እጅህን ከቃታው ታነሳለህ፣ ታቀባብላለህ፣ ቀለሁ ይወጣል፣ እንደገና ታልማለህ። በዚህ መሃል ዒላማህ ከዓይንህ ይጠፋል። ከፊል አውቶማቲኩ ግን ከጥይቱ የሚወጣውን ጋዝ ተጠቅሞ ራሱ ያቀባብላል። ተኳሹ ጉንጩን ከሰደፉ ሳያነሳ ቃታውን እየለቀቀ ደግሞ ይስባል። አንድ ስበት አንድ ጥይት ነው፤ እንደ መትረየስ ዝም ብሎ አይንጣጣም። በኳስ ቋንቋ ስናወራው፣ በረኛው የመለሳትን ኳስ አቋሙን ሳይቀይር እዚያው ደግሞ እንደሚመታ አጥቂ ማለት ነው።

ኤም ዋንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ክብደቱ ነው። 4.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። «ይሄን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል እንዴ?» ያሰኛል። ሲተኮስ ግን ያ ክብደት ውለታ ይመልሳል፤ ሰደፉ ትከሻን የሚመታበት ኃይል ይቀንሳል። ሁለተኛው ማነጣጠሪያው ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ትንሽ ቀዳዳ ስለሆነ ዓይን ብዙ ሳይጨነቅ መሃሉን ያገኛል። ሦስተኛው አጎራረሱ ነው። ስምንቱ ጥይት በአንድ የብረት መያዣ ታስሮ ከላይ ይገባል፤ አውራ ጣቱን ቶሎ ያላነሳ ሰው ብረቱ ይነክሰዋል። አሜሪካኖቹ ለዚህ ጉዳት «የኤም ዋን አውራ ጣት» የሚል ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በመጨረሻም ስምንተኛዋ ጥይት ስትወጣ ባዶው መያዣ «ፒንግ!» ብሎ ይዘላል።

አምስተኛው ግን ከብረቱ ሳይሆን ከሰውየው ነው፤ ፈተና! ማቀባበል ከቀረ ጣት ይቸኩላል። አንዷን ሳያልም ሌላዋን ይደግማል። ከሠላሳ ሜትር ዝም ብሎ የሚለጋ አጥቂ ሁላችንም እናውቃለን። ሃያ ጊዜ ሞክሮ አንድም ወደ ግብ የሄደች የለችም። ጥሩ ጠመንጃ ደካማ ተኳሽን ጎበዝ አያደርገውም፤ ቶሎ ጥይት እንዲጨርስ ብቻ ይረዳዋል።

የቃኘው ልጆች በዚህ የሚታሙ አይደሉም። በኮሪያ ቆይታቸው 253 ውጊያዎች ማድረጋቸውና አንድም ምርኮኛ ለጠላት አለመስጠታቸው ዛሬም በክብር ይነገራል። ከ120 በላይ ወገኖቻችን ግን እዚያ ወድቀዋል። ጦርነት ጨዋታ አይደለም። ኤስ ኤል ኤ ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው «ፖርክ ቾፕ ሂል» በተሰኘ መጽሐፉ ኢትዮጵያውያኑ በሌሊት ቅኝት ያሳዩትን እርጋታና ጥንካሬ አድንቆ ጽፏል።

ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ

ከኤም ዋን ወዲህ መሣሪያው ብዙ ተሻሽሏል። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1963 የተቀበለችው ድራጉኖቭ አሥር ጥይት የሚጎርስ፣ አራት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ያለው፣ ከመጀመሪያውም ለአልሞ ተኳሽ ተብሎ የተሠራ ከፊል አውቶማቲክ ነው። አሁን የሚወጡት ምርጥ ምርጦቹ ደግሞ ከዚያም ያልፋሉ።

ለኳስ ወዳድ እንዲገባ እናስላው። አንድ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 105 ሜትር ነው። ጥሩ የሚባል ዒላማ ጠባቂ ጠመንጃ፣ ከዚህኛው መስመር ሆኖ ወደዚያኛው የተኮሳቸው ጥይቶች ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ያርፋሉ። ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም አይበልጥም። የእኛ አጥቂዎች ከአሥራ አንድ ሜትር ላይ 7 ሜትር ከ32 የሆነውን ግብ ሲስቱ አይተናል። ይሁን እንጂ ጠመንጃው ይህን የሚያደርገው ትንፋሹን የሚቆጣጠር፣ ቃታውን በዝግታ የሚስብ ሰው ሲይዘው ብቻ ነው።

ሩጫው ሰዓት ለካ፣ ዒላማውስ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ያው ክብር ዘበኛ አበበ ቢቂላንና ማሞ ወልዴን ሰጥቶናል። ማሞ ውጊያው ካበቃ በኋላ በሰላም አስከባሪነት ኮሪያ የዘመተ ወታደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ በማራቶን ወርቅ፣ በ10 ሺህ ሜትር ብር አመጣ። ለሩጫው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ተገኝቶ ሰዓት ለካ፣ መርሐ ግብር አወጣ፣ ልጆቹን ኦሎምፒክ አደረሰ። የተኩስ ችሎታው ግን እንደ ሩጫው ወደ አደባባይ አልወጣም። እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ አገራችን ያገኘቻቸው የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ ከአትሌቲክስ የመጡ ናቸው።

ሌሎች እንዴት አደረጉ? ቃኘው ኮሪያ በነበረበት በ1952ቱ የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ፑሽካሽ የመራው የሃንጋሪ ቡድን የእግር ኳስ ወርቅ ወሰደ። ይህን ብዙዎቻችን እናውቃለን። እዚያው ኦሎምፒክ ላይ ካሮይ ታካች የተባለ ሌላ ሃንጋሪያዊ በፈጣን ሽጉጥ ተኩስ ወርቅ ማጥለቁን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ሰውየው ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የእጅ ቦምብ ፈንድቶ ቀኝ እጁን ጎዳበት። እሱም በግራው ተለማምዶ በ1948 ለንደን ላይ አሸነፈ፤ በሄልሲንኪም ደገመው። ውድድሩ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ የሚያዝበት ነው። አምስት ዒላማዎች በስምንት፣ በስድስት፣ በመጨረሻም በአራት ሰከንድ ይመታሉ።

እኛም ብንሆን ከዒላማ ጋር ጨርሰን የተቆራረጥን አይደለንም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ ውስጥ በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተሳትፏል። በእግሩ ዓለምን ያስደነቀ ሰው በዓይኑና በክንዱ ሌላ ውድድር ጀመረ። ከዚህ በላይ ምን አርአያ ይምጣ?

አሥር ሜትር ይበቃል

የጉራጌን ምድር እንውሰድ። በዓድዋ ጦርነት በመድፍ ስማቸው የገነነው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ፣ የወጡት ከዚያ ነው። የእኛው መድፈኛ ማለት እሳቸው ናቸው! ኳሱንም ብንል ወልቂጤ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን ሲቀላቀል «ክትፎዎቹ» የሚለው ስም አገር አዳርሷል። በመስቀል ሰሞን ወደ ቸሃ የሚገባውን የከተማ ልጅ ያየ፣ ስፖርት እዚያ ምን ያህል ሰው ሊሰበስብ እንደሚችል ይገምታል።

ታዲያ እምድብር ወይም ወልቂጤ ውስጥ ዒላማ ስፖርት ቢጀመር ምን ይጠይቃል? ድራጉኖቭ አይጠይቅም። በኦሎምፒክ ያለው የአየር ጠመንጃ ውድድር ርቀቱ 10 ሜትር ብቻ ነው። ባሩድ የለውም፤ በታመቀ አየር 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች እርሳስ ይገፋል። የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ጠንካራ የኋላ ግድግዳ፣ የፖሊስ ፈቃድና ቁጥጥር፣ አንድ የተማረ አሠልጣኝ ካለ ይጀመራል። ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም፤ አሥር ነጥብ የምታሰጠው ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነች! ረጅም ሁን አጭር፣ ወንድ ሁን ሴት፣ ልዩነት የለውም። የሚፈለገው እርጋታ ነው።

ይህ የቅንጦት ወሬ እንዳይመስል። ዛሬ በየሠርጉና በየለቅሶው ወደ ሰማይ የሚተኮስበት ቦታ ብዙ ነው። ወደ ላይ የሄደች ጥይት ደግሞ እዚያው አትቀርም፤ ተመልሳ የምትወርደው ሰው መሃል ነው። አገሪቱ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ አያያዝን በሕግ አሥራለች፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስቀጣል። ሕጉ ደግ ነው። ነገር ግን «አትተኩስ» ያልከው ጎረምሳ ጀግንነቱን የሚያሳይበት ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ሩጫ ለሚሮጠው መም አለው፤ ኳስ ለሚጫወተው ሜዳ አለው። መሣሪያ ለሚወደውስ? ወደ ሰማይ አሥር ጊዜ የተኮሰ ሰው አንድም ነገር አልመታም። አዳራሽ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ አንዷን ነጥብ ያገኘ ልጅ ግን ማንንም ሳያቆስል ጎበዝ መባልን ያተርፋል።

የቃኘው ወታደሮች ኮሪያ ላይ አዲሱን ጠመንጃ ተቀብለው በእርጋታ ተለማመዱት። ልጅ ልጆቻቸው ያንን እርጋታ በስፖርት የሚያሳዩበት አሥር ሜትር ቦታ መስጠት ለክለቦቻችን፣ ለዞኑና ለትምህርት ቤቶቹ ከባድ ዕዳ አይደለም። አንድ አዳራሽ ይከፈትና የመጀመሪያው ውድድር ለመስቀል ይሁን፤ እኛም ሄደን እንዘግባለን።