የአራዊትን ድምፅ ስለሚመዘግብ መሣሪያ

በሀብሩ ቆላ ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ዓይኑ ሳያይ የግሪሳውን መምጣት፥ የጅግራውንና የቆቁን ጩኸት በጆሮው ብቻ ይለያል። ይህ የማማ ዕውቀት ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ትልቅ ሥራ የሚሠራበት መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

የደን አውሬን በዓይን መቁጠር አስቸጋሪ ነው፤ ቅጠል ይጋርደዋል፥ ሌሊት ይሸሽገዋል፥ ሰው ሲቀርበውም ይሸሻል። ድምፁ ግን ቅጠሉን አልፎ ይሰማል። ስለዚህ አጥኚዎቹ በመዳፍ የሚያዝ የድምፅ መቅረጫ ከዛፍ ላይ ያስራሉ። መሣሪያውም በባትሪ ኃይል፥ በተወሰነለት ሰዓት እየነቃ የሰማውን ይቀርጻል። በኋላም ድምፁ በኮምፒዩተር ወደ ሥዕል ተለውጦ በየወገኑ ይለያል። በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በጀመሩት ሥራ፥ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ወፍራም የዝሆን ድምፅ ሳይቀር በዚህ መንገድ ይከታተላሉ። የአዳኝ ጠመንጃ ሲተኮስም ይመዘገባል።

ነገር ግን የተቀዳውን ድምፅ ለመለየት አስቀድሞ ባለቤቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን በስሜን ተራራዎች የጭላዳ ድምፅ የተጠናው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም። በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ቶር በርግማን፥ ጭላዳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያሰማው ድምፅ በምቱ የሰውን ንግግር እንደሚመስል ገለጸ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሞርጋን ጉስቲሰንና ባልደረቦቿ፥ የወንዱ ጭላዳ ተከታታይ ጩኸት በበዛ መጠን እያንዳንዱ ድምፅ እንደሚያጥር አሳዩ።

መሣሪያው ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። አንድ ወፍ ዐሥር ጊዜ ቢጮህ ዐሥር ወፍ አይባልም፤ ነፋስና ዝናምም ድምፅን ይሸፍናሉ፤ ዝምታን ብቻ ሰምቶም አውሬው ጠፋ ብሎ መፍረድ አይገባም። ሆኖም በአንድ ስፍራ በየዓመቱ የተቀዳው ሲነጻጸር፥ የጎደለው ድምፅ ይታወቃል።

ልጅ ከማማ ወርዶ ወደ ትምህርት ቤት መሄዱ ደግ ነው፤ የወፎቹን ስም ግን በማማው ላይ ትቶ አይሂድ። መሣሪያ ይሰማል እንጂ በአማርኛ ስም አያወጣም። ስለዚህ የወልድያና የመርሳ ወላጆች፥ ጎሕ ሲቀድ በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ የሚጮኸው ምን እንደ ሆነ ልጆቻቸውን ይጠይቁ፤ አያቶችም የሚያውቁትን ስም ይንገሯቸው፥ ልጆቹም በደብተር ይጻፉት። ስሙ የተረሳ ወፍ ድምፁ የጠፋ ዕለት፥ ጠፋ ብሎ የሚመሰክርለት አይገኝምና።